ተጠሪ እና ተጠያቂ፦ ለምክር ቤት የሚጠሩ የቁጥጥር ተቋማትን ማን፣ ምን ያህል ይጠይቃቸው?

የሳቢያኗ ኦዲተር

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። ካገለገልኩባቸው 32 ዓመታት 14ቱን የውስጥ ኦዲተር ነበርኩ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

በሁለት የተለያዩ ቢሮዎች የሰማኋቸው ሁለት ንግግሮች አሉ። እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጡም።

የመጀመሪያውን የሰማሁት በ2003 ነው። የምሠራበት መሥሪያ ቤት አንዱ መኪና ተበላሽቶ 40 ቀን ጋራዥ ቆመ። በዚያው 40 ቀን ውስጥ በዚያው መኪና ስም የነዳጅ ኩፖን ሲወጣ ከርሟል። ኩፖኖቹን ከጋራዡ ርክክብ ሰነድ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው። ቀኑ አይገጥምም። በሪፖርቴ ላይ «ቆሞ ለነበረ ተሽከርካሪ ነዳጅ ወጪ ሆኗል» ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊው አስጠሩኝ። አልተቆጡም። እንዲያውም ቡና አዘዙልኝ። ከዚያ «ለመሆኑ ተጠሪነትሽ ለማን ነው?» አሉኝ። «ለእርስዎ» አልኩ። «እንግዲያው አስተካክለሽ አምጪው።»

አስተካከልኩት። «ተያያዥ ማስረጃዎች ተሟልተው አልቀረቡም» በሚል ተካሁት። ልጆቼ ትንንሾች ነበሩ፤ የቤት ኪራይም ነበረብኝ። ይህን ስጽፍ አሁንም ይከብደኛል። በኋላ የውጭ ኦዲተሮች መጥተው ያንኑ ነገር በግልጽ ቋንቋ ጻፉት። እነሱን ቡና ጋብዞ «አስተካክሉ» የሚላቸው አልነበረም። የነጻነት ትርጉም የገባኝ ያን ቀን ነው።

ሁለተኛውን የሰማሁት በራሴ ጉዳይ ነው። ጡረታ ልወጣ ስል የ3 ዓመት አገልግሎቴ፣ ከ1984 እስከ 1987 ያለው፣ ከፋይሌ ላይ ጠፋ። 3 ዓመት ቀላል አይምሰላችሁ። ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። የ32 ዓመት አበል የአማካይ ደመወዝ 57.5 በመቶ ሲሆን የ29 ዓመቱ 53.75 በመቶ ነው። ልዩነቱ እስከ ዕለተ ሞቴ በየወሩ የሚቆረጥብኝ ነው። መሥሪያ ቤቱ አልሰማ ሲለኝ አቤቱታ ለሚቀበል አንድ የቁጥጥር ተቋም አመለከትኩ። ስሙን አልጠራም። የተቀበለኝ ልጅ ጨዋ ነው፤ ቃሌን በጥሞና ጻፈ። ከዚያ 11 ወር ዝም። በዚያ ፀሐይ ከሳቢያን በባጃጅ ሰባት ጊዜ ተመላለስኩ። በስድስተኛው ቀን «ለመሆኑ ለምን ዘገየ? ማንን ልጠይቅ?» ስል አንድ ኃላፊ እንዲህ አሉኝ፦ «እማማ፣ እኛ እኮ ነጻ ተቋም ነን። ለምን ዘገያችሁ ብሎ የሚጠይቀን የለም።»

እኔን ለማስከፋት አልነበረም። በኩራት ነው የተናገሩት። ይህንንም ልንገራችሁ፤ ውሳኔው በመጨረሻ ለእኔ ሆነ። ሦስቱ ዓመታት ተመለሱልኝ። ስለዚህ ቂም ይዤ አይደለም የምጽፈው።

ግን አስቡት። አንዱ ቢሮ ተጠያቂነትን እንደ ገመድ አንገቴ ላይ አሰረብኝ። ሌላው ነጻነትን እንደ በር ፊቴ ላይ ዘጋብኝ። 

ሕጎቻችን «ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው» ይላሉ። ቃሉን ልብ በሉት። ተጠሪ ማለት ሲጠሩት የሚመጣ ነው። ተጠያቂ ደግሞ ሲጠይቁት የሚመልስ። እኔ 14 ዓመት ተጠሪ ነበርኩ፤ በሥራዬ ግን አንድም ቀን አልተጠየቅሁም። «ስንት ሰነድ አየሽ? የትኛውን ሳታዪ አለፍሽ? ለምን?» ያለኝ የለም። የሚጠሩኝ ግኝቱ ሲያስከፋቸው ብቻ ነው።

ልጄ እዚሁ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትማራለች። ማታ ማታ እንከራከራለን። እሷ «የቁጥጥር ተቋም ነጻነቱ ከተነካ አለቀለት» ትላለች። እኔ ደግሞ ነጻነቱም ይኑር፣ ጠያቂም ይኑር ነው የምለው። እንዴት ሆኖ የሚለውን ግን አጥርቼ አልመለስኩላትም። ምክር ቤቱ ምን ብሎ ቢጠይቅ ነው ጣልቃ ገባ የማይባለው? ምን ሳይጠይቅ ቢቀር ነው ሥራውን ረሳ የሚባለው? የምታውቁ አስረዱኝ።

ሸዋ በር

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐረር ጠበቃ ነኝ። ያቺን የሪፖርት ዓረፍተ ነገር በማንሳትዎ አከበርኩዎት። ብዙ ሰው ይደብቃታል።

ከሕጉ ልጀምር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 14 እና 15 ምክር ቤቱ የሰብአዊ መብት ኮሚሽንንና የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምን እንዲያቋቁም ያዛል። ዋናው ኦዲተር ደግሞ በአንቀጽ 101 ራሱን ችሎ ተቀምጧል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርቡታል፤ ምክር ቤቱ ይሾመዋል። የመሥሪያ ቤቱን ዓመታዊ በጀትም ዋናው ኦዲተር ራሱ አዘጋጅቶ በቀጥታ ለምክር ቤቱ ያቀርባል። ይህቺ ንዑስ አንቀጽ ትንሽ ትመስላለች። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? የሚመረመረው አካል የመርማሪውን በጀት ከያዘ መርማሪው ለማን ይጮኻል?

የእንባ ጠባቂውን አዋጅ 211/1992ን ሲወጣ እንደነበረ ላንሳልዎ፤ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። ተሿሚው የሚመለመለው በኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ውስጥ አፈ ጉባኤዎቹ አሉ፤ በምክር ቤቱ ወንበር ያላቸው ተቃዋሚዎች የሚመርጧቸው ሁለት አባላትም አሉ። ሹመቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጸድቃል። ዘመኑ 5 ዓመት ነው። ከሥልጣን ማንሳት ሲያስፈልግም ልዩ አጣሪ ጉባኤ አይቶት፣ ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መወሰን አለበት። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን የባንኩ ነገር ነው። ከሥራ ማስኬጃ በጀቱ ሩብ ያህሉ አስቀድሞ በተቋሙ ስም ባንክ እንዲገባ ተደንግጓል። ይህን ያረቀቀው ሰው በጀት ተይዞበት ያውቃል መሰለኝ። ጠዋት ተነስቶ «ገንዘብ የለም» የሚል ደብዳቤ ምን እንደሚያደርግ ገብቶታል።

ይህ ሁሉ የነጻነት አጥር ነው። የተጠያቂነቱ በርም እዚያው አዋጅ ውስጥ አለ። ተቋሙ ለምክር ቤቱ ሪፖርት ያቀርባል። ሒሳቡን ምክር ቤቱ የሚሰይመው አካል በየዓመቱ ይመረምራል። ስለዚህ «የሚጠይቀን የለም» ያሉዎት ሰው ሕጉን ተሳስተዋል። «ውሳኔያችንን የሚያዝዘን የለም» ቢሉ ልክ ነበሩ። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

እኔ መስመሩን እንዲህ ነው የማሰምረው። «ለወይዘሮ እገሌ ፍረዱ፣ በእገሌ መሥሪያ ቤት ላይ አትጻፉ» ማለት ጣልቃ መግባት ነው። «ስንት አቤቱታ ተቀበላችሁ? ስንቱ ከስድስት ወር በላይ ቆየ? ውድቅ ላደረጋችሁት በጽሑፍ ምክንያት ሰጣችሁ ወይ?» ማለት ግን መጠየቅ ነው።

የጽሑፍ ምክንያትን አደራ። ጁገል ውስጥ የተሰነጠቀ የግንብ አጥሯን ለማደስ ፈቃድ የተከለከለች አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ። ሁለት ዓመት በቃል «አይቻልም» እየተባለች ተንገላታለች። እንደምንም ብለን ክልከላውን በጽሑፍ አወጣነው። የተጻፈውን ምክንያት ስናየው የጠቀሱት አጥር የእሷ አልነበረም፤ የጎረቤቷ ነው። በአንድ ሳምንት አለቀ። ምክንያት ካልተጻፈ ስህተትም አይታይም።

የሐረማያ ተማሪ

አቦ ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል። እኔ ግን ከእትዬ ልጅ ጋር ነኝ። ሐረማያ በሕዝብ አስተዳደር ማስተርሴን እየሠራሁ ነው፤ ይህን ነገር ብዙ አንብቤበታለሁ።

እኛ አገር የቁጥጥር ተቋም ከመጠን በላይ ነጻ ሆኖ ሰው ያስቸገረበት ዘመን የትኛው ነው? ችግራችን የነጻነት እጥረት ነው። ገና ባልተተከለ ዛፍ ላይ መግረዣ ይዘን ቆመናል። «ይጠየቅ» የሚለው ቃል ሁሌም የሚወጣው ግኝቱ ከጎረበጠው ሰው አፍ ነው። እትዬም ራሳቸው ያዩት ይህንኑ ነው።

ምክር ቤት ይጠይቀው ስትሉም ምክር ቤቱ ማን እንደሆነ እንይ። ደቡብ አፍሪካን ተመልከቱ። የሕዝብ ጠባቂዋ፣ እንደኛ እንባ ጠባቂ ማለት ናት፣ ቱሊ ማዶንሴላ እ.ኤ.አ. በ2014 የፕሬዚዳንት ዙማ የግል መኖሪያ በመንግሥት ገንዘብ መታደሱን አጋለጠች። ከደኅንነት ጋር የማይገናኘውን ወጪ በከፊል እንዲመልስ አዘዘች። ምክር ቤቱ ምን አደረገ? ከሷ ጎን አልቆመም። ሌላ ሪፖርት ይዞ «መክፈል የለበትም» አለ። ጉዳዩ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2016 ፍርድ ቤቱ ያዘዘችው አስገዳጅ ነው ብሎ ወሰነ። ምክር ቤቱም የራሱን ግዴታ አልተወጣም አለ። ተጠሪ የሆነችለት አካል ነው የከዳት። አብዛኛው ወንበር የአስፈጻሚው ፓርቲ ሲሆን የምክር ቤቱ ጥያቄ የማን ጥያቄ ነው?

የኛ እንባ ጠባቂ ደግሞ የሚሰጠው ምክረ ሐሳብ ነው።  ጥርስ የሌለውን ሰው ጭራሽ አፉን ዝጋ አንበለው።

ሸዋ በር

ወንድሜ፣ የደቡብ አፍሪካን ታሪክ ግማሹን ነው የነገርከን። ከማዶንሴላ በኋላ እዚያው ወንበር ላይ የተቀመጠችው ቡሲሲዌ ምክዌባኔ ናት። ፍርድ ቤቶች ሪፖርቶቿን ደጋግመው ሰረዙባት። አንዱ ጉዳይ ላይ እንዲያውም ከኪሷ ኪሳራ እንድትከፍል ተወሰነባት። በመጨረሻ የምክር ቤቱ አጣሪ ኮሚቴ ብቃት ማነስና የሥነ ምግባር ጥፋት አገኘባትና እ.ኤ.አ. መስከረም 2023 በ318 ድምፅ ከሥልጣን ተነሳች። ከ400 ወንበር ሁለት ሦስተኛ ያስፈልግ ነበር።

አንድ ወንበር ነው። አንዷን ምክር ቤቱ ሊጥላት ሞከረ፤ ፍርድ ቤት አዳናት። ሌላዋን ፍርድ ቤት አጋለጣት፤ ምክር ቤቱ አነሳት። ነጻነቱን ብቻ አጥረን ብንተው ምክዌባኔን የሚያነሳ አይኖርም ነበር። በተራ ድምፅ ትነሳ ብንል ደግሞ ማዶንሴላ ገና ያኔ ትባረር ነበር።

ቃለ ጉባኤ

እኔ ከሕግ ሰው አልቆጠርም። በአንድ ምክር ቤት 19 ዓመት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። የትኛው እንደሆነ ይቅር። ያየሁትን ልንገራችሁ።

የተቋሙ ሪፖርት ለቋሚ ኮሚቴው የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በስብሰባው ዋዜማ ነው። ወፍራም ነው። አባላቱ ሌላ ሥራ አላቸው፤ ሌሊት ተቀምጦ የሚያነብ አንድ ወይም ሁለት ነው። ጠዋት ተቋሙ በስላይድ ያቀርባል። ከዚያ አስተያየት ይሰጣል። ያንን አስተያየት ሳልሰማ ልጽፈው እችል ነበር፦ «በጥንካሬ የታዩ ጉዳዮች ተጠናክረው ይቀጥሉ፤ በክፍተት የታዩት ይታረሙ።» ምን እንደተጠናከረ፣ ምን እንደሚታረም የለም። በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ሪፖርት፣ ያንኑ ክፍተት፣ ያንኑ አስተያየት እጽፋለሁ። አንድ ዓመት የቀየርኩት ቀኑን ብቻ ነበር ብል አልዋሸሁም።

ስለዚህ እትዬ፣ ያ ኃላፊ «የሚጠይቀን የለም» ሲሉዎት የኑሯቸውን እውነት ነው የነገሩዎት። ሕጉ ጠያቂ ሰጥቷቸዋል። ጠያቂው ግን አይጠይቅም።

አንድ ቀን ግን ሌላ ነገር አየሁ። አዲስ የገባች አንዲት አባል፣ መምህርት ነበረች፣ ያለፈውን ዓመት ቃለ ጉባኤ ከእኔ ተቀብላ ቤቷ ወሰደች። በስብሰባው ቀን እጇን አወጣች። «ዓምና ገጽ 4 ላይ 62 መዝገብ ተንጠልጥሏል ብላችኋል። ዘንድሮ ስለ 62ቱ ምንም አልተጻፈም። የት ደረሱ?» አለች። አዳራሹ ጸጥ አለ። የተቋሙ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ከሰዓት በኋላ ዝርዝሩን ይዘው መጡ። ስለ የትኛውም መዝገብ ውሳኔ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ የማንንም ነጻነት አልነካችም። የጠየቀችው የራሳቸውን ቁጥር ነው።

በነገራችን ላይ ሰብሳቢነቱ የማን ነው የሚለው ለውጥ ያመጣል። በእንግሊዝ የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴው እ.ኤ.አ. ከ1861 ጀምሮ አለ፤ ሰብሳቢውም በልማድ ከተቃዋሚው ወገን ነው። የኛም ምክር ቤት በ2014 ሥራ ሲጀምር የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ቋሚ ኮሚቴን ሰብሳቢነት ለተቃዋሚ ፓርቲ አባል ሰጥቶ ነበር። ተማሪው ወንድማችን «ጥያቄው የማን ነው?» ያለው ላይ ይህ ከፊል መልስ ይመስለኛል።

የመጋላ ልጅ

እህቴ፣ እኔ የመጋላ ልጅ ነኝ። አሁን ስቶክሆልም ነው ያለሁት። እዚህ የእንባ ጠባቂው ነገር የቆየ ነው፤ ፓርላማው የራሱን እንዲሾም የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1809 ነው። ዛሬ ለየዘርፉ አሉ፤ ፓርላማው ይመርጣቸዋል። ዓመታዊ ሪፖርታቸውን የፓርላማው የሕገ መንግሥት ኮሚቴ ያየዋል። ይህን ዝጉ፣ ያንን ክፈቱ ብሎ ግን አያዛቸውም።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። እዚህ አገር የመንግሥት ሰነድ ለማንም ክፍት መሆን አለበት የሚለው ሕግ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1766 ነው። ለእንባ ጠባቂዎቹም ይሠራል። በምስጢር የተጠበቀ ካልሆነ በስተቀር የገባውን የወጣውን ደብዳቤ ማንም ሰው ጠይቆ ማየት ይችላል። እኔ ስለ አንድ የቀበሌ አገልግሎት ጉዳይ ጠይቄ ነበር። ማን እንደሆንኩ እንኳ አልጠየቁኝም። መዝገቡ መቼ እንደገባ፣ ማን እጅ እንዳለ ነገሩኝ። መልሱን ያገኘሁት ያለ ፓርላማ፣ ያለ ኮሚቴ ነው። አንቺ ሰባት ጊዜ በባጃጅ የተመላለስሽበት መልስ ይኸው ነበር እኮ።

ሸዋ በር

ይህ እኛም ዘንድ መንገድ አለው። የመረጃ ነጻነት ድንጋጌው በአዋጅ 590/2000 ውስጥ ነው። የሕዝብ አካል መረጃ ሲጠየቅ በመሠረቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። የዚህን አፈጻጸም የሚከታተለውም እንባ ጠባቂው ነው። ለሌላው መሥሪያ ቤት የሚያስከብሩትን ለራሳቸውም መዝገብ ማክበር ይጠበቅባቸዋል። ሌላ ደግሞ፣ ብዙ ቢሮ ግድግዳ ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፎ ያያሉ። በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ራሳቸው የጻፉት ነው። በስልክ ፎቶ ያንሱት።

የአሸዋ አባት

ልጄ፣ ልጅ ልጄ ነው ይህን አንብቦልኝ የሚጽፍልኝ። 74 ዓመቴ ነው። አሸዋ ገበያ ሱቅ ነበረኝ። ስለ ፓርላማ አላውቅም። ስለ እድር ግን ላውራሽ።

በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ስንቱን ጠራርጎ እንደወሰደ ድሬ የኖረ ያውቃል። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። በእኛ እድር ብቻ በአንድ ሳምንት ስድስት ቤት ሐዘን ገባ። ለስድስቱም ከፈልን። ሐዘኑ ሲወጣ ሒሳቡ አልገጥም አለ። ተቆጣጣሪዎቹን ጠየቅን። ሦስት ነበሩ። ለካ የተቆጣጣሪዎቹን የሻይና የመጓጓዣ የሚከፍላቸው ገንዘብ ያዡ ነው! እየከፈላቸው እንዴት አድርገው ይቆጣጠሩት? ሌቦች አልነበሩም። ይሉኝታ ያዛቸው።

ጠቅላላ ጉባኤ ጠራን። ቀኑን ሙሉ ተጨቃጨቅን። ያጸናነው ይህ ነው። የተቆጣጣሪዎቹን ወጪ በዓመቱ መጀመሪያ ጉባኤው ራሱ ይቆርጣል፤ ገንዘብ ያዡም ዳኛውም አይነኩትም። ተቆጣጣሪዎቹ ያገኙትን አስቀድመው ለዳኛው አያሳዩም፤ ጉባኤው ፊት ነው የሚያነቡት። አንዱ አባል ግን ተነስቶ «እነሱስ ቢተኙ?» አለ። እውነቱን ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ሁለት ሰው በዕጣ እናወጣለን። ሁለቱ የተቆጣጣሪዎቹን ደብተር ብቻ ነው የሚያዩት። ሣጥኑን ስንት ጊዜ ከፈታችሁ ቆጠራችሁ? በየትኛው ወር ሳትቆጥሩ ቀራችሁ? ለሻይ የተቆረጠላችሁ የት ገባ? ይኼው ነው። «ለምን በእገሌ ላይ ጻፋችሁ» ማለት አይችሉም። አንድ ጊዜ አንዱ ባለዕጣ እንዲህ ሊል ሞከረ። የገንዘብ ያዡ አማች ነበር። ጉባኤው አስቀመጠው።

ከዚያ ወዲህ 18 ዓመት ሒሳባችን ጎድሎ አያውቅም አልልሽም። ጎድሎ ያውቃል። ግን በወሩ ነው የምናውቀው።

የሐረማያ ተማሪ

አባባ፣ ይህን ከማንም ጥራዝ አላገኘሁትም። የእንግሊዝ ብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት አሠራር ከእድራችሁ ጋር አንድ ነው። በጀቱን የሚያየው የገንዘብ ሚኒስቴሩ አይደለም፤ ለዚሁ ሥራ የተቋቋመ የፓርላማ ኮሚሽን ነው። የኦዲት መሥሪያ ቤቱን ራሱን ኦዲት የሚያደርገውንም የሚሾመው ይኸው ኮሚሽን ነው። ዋናው ኦዲተር ምን መርምሮ ምን እንደሚጽፍ ግን የራሱ ሥልጣን ነው።

እትዬ፣ ሐሳቤን ሙሉ በሙሉ አልቀየርኩም። ቅደም ተከተሉ አሁንም ያሳስበኛል። የበጀቱና የሹመቱ አጥር ሳይጠብቅ ጥያቄው ብቻ ቢበረታ ተቋሙን ያደክመዋል። ጥያቄው ስለ ቁጥርና ስለ ቀን ከሆነ ግን ማንን እንደሚያስፈራ አይታየኝም።

የሳቢያኗ ኦዲተር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አባባ፣ እርስዎን በተለይ። «ይሉኝታ ያዛቸው» ያሉትን ሳነብ አለቀስኩ። ያቺ የ2003 ቡና ይሉኝታ ነበረች።

ትናንት ማታ ለልጄ ሁሉንም አነበብኩላት። ረጅም ሰዓት ዝም አለችና «አንቺ የውስጥ ኦዲተር ሆነሽ የጎደለሽ የባንኩ ሩብ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ደመወዜን የሚፈርመው ሰው ሪፖርቴንም የሚፈርመው ነበር። ለዚያ ኃላፊ ደግሞ የጎደላቸው ገጽ 4ን ያነበበችው መምህርት ናት።

ተማሪው ልጄ፣ በቅደም ተከተሉ አንስማማም። እኔ ሁለቱም በአንድ ቀን መጀመር አለባቸው ባይ ነኝ። ካልተጠየቀ ተቋም ደጅ ሰባት ጊዜ የተመላለሰ ሰው ነገ ነጻነቱ ሲነካ አደባባይ ወጥቶ አይጮህለትም። እኔ ራሴ በስድስተኛው ቀን ከዚያ ቢሮ ስወጣ «ቢዘጋስ ምን ይጎድላል?» ብያለሁ። ይህን ያልኩት በነጻነት እጦት እጇ የተጠመዘዘ ኦዲተር ነኝ። ሌላው ሰው ምን ይል?

እናም ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው፤ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ። ስለ ራሴ ጉዳይ አይደለም፤ የእኔ አልቋል። ሦስት ነገር ብቻ እንዲጠይቁልኝ ነው። በዓመቱ ከስድስት ወር በላይ የቆየ አቤቱታ ስንት ነው? ለባለጉዳዩ መዝገቡ የት እንደደረሰ የሚነገረው በምን መንገድ ነው? ዓምና የተንጠለጠሉት የት ደረሱ? ከድሬዳዋ ተመርጠው ምክር ቤት ለገቡት ለሁለቱ ተወካዮቻችንም ቅጂ እሰጣለሁ። ከዚራ ያለች አንዲት ጸሐፊ ነገ ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ትተይብልኛለች።

ቃለ ጉባኤ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ደብዳቤው ለኮሚቴው ሆኖ ለተቋሙ ግልባጭ ላድርግ ወይስ ተቋሙ ባያየው ይሻላል?

ቃለ ጉባኤ

ግልባጭ ያድርጉ እንጂ እትዬ። ከጀርባቸው የተጻፈ ከመሰላቸው ክስ ያደርጉታል። ሲያዩት ይዘጋጁበታል፤ እርስዎም የፈለጉት እንዲዘጋጁ ነው። ሲያስገቡ የገቢ ቁጥርና ቀን የተመታበት ቅጂ እጅዎ ላይ ይቅር። ያ ቁጥር ከሌለዎት ደብዳቤዎ አልገባም ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ከአንድ ገጽ አያስበልጡት። አንድ ገጽ ከሆነ ስብሰባው ላይ ሙሉውን ጮክ ብለው ያነቡታል፤ እኔም ብሆን ሙሉውን ቃለ ጉባኤ ውስጥ አስገባው ነበር።